ጾመኛዋ ቀማሽ

ቆሞ መጠበቅ አልችልበትም። ወረፋ ላይ እግሬ አያርፍም፤ ማይክሮዌቭ ገና ሠላሳ ሰከንድ ሲቀረው በሩን ከፍቼ ያልሞቀውን ምግብ እበላለሁ። ኮሎምበስ በገባሁ በሦስት ዓመት ውስጥ ሰባት ሥራ ቀያይሬያለሁ። ኒው አልባኒ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ደርድሬያለሁ፣ ኢስተን ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጥፌያለሁ፣ በገዛ መኪናዬ የሰው ምሳ አድርሻለሁ። ከአንዱም ተባርሬ አላውቅም። አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ ቦታው ይጠበኛል፣ በቃ፤ ከዚያ በኋላ ቢለምኑኝም አልመለስም። አብራኝ የምትኖረው ልጅ የሥራ ልብሴን ከማድረቂያው ስታወጣ፣ «ይሄኛውን ላጥፈው ወይስ ልጣለው?» ትለኛለች።

እንዲህ ያለችውን ሰው ነው እግዚአብሔር አንድ ኬክ ለመጋገር ቀኑን ሙሉ የሚፈጅበት ወጥ ቤት ውስጥ የጣላት።

ወጥ ቤቱ ሉዊስ ሴንተር በሚባል ሰፈር፣ በጥፍር ማሳመሪያ ቤትና በጥርስ ሐኪም መሀል የተሸጎጠ ጠባብ ክፍል ነበር። ወንበር የለውም፤ ሰው በስልክ ያዛል፣ መጥቶ ይወስዳል። የወጥ ቤቱ ባለቤት ከሰባ ያለፉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አጠር ያሉ የጎዋ ሴት ነበሩ። ጎዋ ሕንድ ውስጥ በምዕራብ በኩል ያለች የባሕር ዳር አገር ናት፤ ሰው ከየአገሩ ለዕረፍት የሚጎርፍባት። የሚያውቃቸው ሁሉ «አንቲ» ይላቸዋል። እኔ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን አፌ ላይ የመጣልኝ እትዬ ነው። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ። ለታላቅ ሴት የሚባል ነው፣ ከእናት ያነሰ፣ ከጎረቤት የበለጠ አልኳቸው። «እንግዲያው ይሁን» አሉና አንድ ጆንያ ሽንኩርት ፊቴ አስቀመጡ።

የገባሁት ጥቅምት ላይ ነው፤ በሁለት ሳምንት እወጣለሁ ብዬ ነበር። ያቆየኝ ወሬያቸው ነው። እትዬ እጃቸው እዚህ ይሠራል፣ አፋቸው ጎዋ ነው። እናታቸው ከባሕሩ የአምስት ደቂቃ መንገድ የሚርቅ ቤት ነበራቸው። ታኅሣሥ ሲደርስ ልጆቹ ሁሉ ሳሎን ወለል ላይ ይተኙና መኝታ ክፍሎቹ ለእንግዳ ይከራያሉ። እንግዳው አሸዋ ላይ ተጋድሞ ሲውል እነሱ ጓሮ ቁጭ ብለው ኮኮናት ሲፈቀፍቁ ይውላሉ። «እኔ ባሕሩን የማየው ዓሣ ልገዛ ስሄድ ነበር» አሉኝ አንድ ቀን። ይሄን ወደድኩላቸው። አገሩን ሲያወራ እንባ የሚያንቀው ሰው ፊት መቆም ያስጨንቀኛል፤ እሳቸው ግን እንደ ትናንት የሰፈር ወሬ ነበር የሚያወሩት።

በሰኔ ለመጥምቁ ዮሐንስ በዓል ወንዶቹ የአበባና የቅጠል አክሊል ደፍተው፣ ከበሮ እየመቱ፣ ክረምት የሞላው የውሃ ጉድጓድ ውስጥ እየዘለሉ ይገባሉ። ለምን ይዘላሉ ስላቸው፣ ዮሐንስ በእናቱ ማኅፀን ሆኖ ስለዘለለ ነዋ አሉኝ፣ ይሄን የማያውቅ ክርስቲያን አለ እንዴ በሚል ዓይን። በዚያ ዓመት ያገባ ሙሽራ ደግሞ በአማቶቹ ጓሮ ሳይዘል አይታለፍም። «ባሌ መዋኘት አይችልም ነበር» አሉኝ። «ዘለለ። በገመድ ጎተትነው።» ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ደግሞ ከተማው በሰልፍና በሙዚቃ ይናወጣል፤ ብሉ፣ ጠጡ፣ ተደሰቱ ብሎ የሚያውጅ የቀልድ ንጉሥ በመኪና ተጭኖ ይዞራል። «አሃ፣ ቅበላ!» አልኩ። እኛ ንጉሥ አንሾምለትም እንጂ ሥጋ ቤት ደጃፍ ያለው ግፊያ ያው ነው።

ምግባቸውን በሁለት ነገር ነው የማውቀው። አንደኛው በኮምጣጤና በበርበሬ ተሠርቶ ሦስት ቀን እያደረ የሚጣፍጥ የአሳማ ወጥ ነው። እኔ አሳማ አልነካም አልኳቸው። «አትብዪ፤ ግን አማስዪ» አሉኝ፣ ክርክሩ በዚሁ አለቀ። ሁለተኛው ዓሣ በኮኮናት ወተት ነው፣ ከነጭ ሩዝ ጋር። እሱን ከድስቱ አፍ ላይ ቆሜ ነበር የምበላው፤ ቁጭ በዪ ሲሉኝ እየበላሁ እዞር ነበር።

ከሁሉም በላይ ግን ቤቢንካ አለ፣ የገናቸው ጣፋጭ። የኮኮናት ወተት፣ የእንቁላል አስኳል፣ ስኳር፣ ትንሽ ዱቄት። ስስ ተደርጎ ይፈስሳል፣ ከላይ በሚወርድ እሳት ይበስላል፣ የተነጠረ ቅቤ ይቀባል፣ በላዩ ሌላ ስስ ይፈስሳል። ሌላው ሰው ሰባት ንብርብር ይበቃዋል፤ እትዬ አስራ ስድስት ካልሞላ የገና ነው አይሉትም። ስኳር ላይ እጃቸው አይመለስም። ባላቸው በሕይወት ሳሉ በየዓመቱ የመጀመሪያውን ጉርሻ ውጠው «ስኳሩ በዛ» ይሏቸው ነበር፤ በየዓመቱም ሦስት ቁራጭ ይበላሉ። «ስኳሩ በዛ ያላለ ሰው የኔን ቤቢንካ አልበላም» ይላሉ እትዬ።

ለገና ጣፋጩ በሳህን ተደርጎ ለየጎረቤቱ ይላካል፤ ለክርስቲያኑም፣ ለሂንዱውም፣ ለእስላሙም። ሐዘን የገባበት ቤት ግን በዚያ ዓመት ጣፋጭ አይሠራም፤ ስለዚህ ሳህኑ ቀድሞ የሚሄደው ወደዚያ ቤት ነው። ባላቸው የሞቱት እዚሁ ኮሎምበስ ነው። «ያን ዓመት አልሠራሁም፣ ወጉ ነው» አሉኝ። «ቁጭ ብዬ ሳህን ጠበቅሁ። እዚህ አገር ወጉን ማን ያስታውሳል? ማንም አልላከም።» ወጥ ቤቱን የከፈቱት በተከታዩ ዓመት ነው፤ ሐዘን ያለበት የጎዋ ቤት እንዳለ ከሰሙ ማንም ሳያዛቸው ይልካሉ። ይሄን ሲነግሩኝ ዓይናቸው ከሚቆርጡት ዓሣ አልተነሳም።

አንድ ቀን ጠዋት ታዲያ ገና ከመኪናዬ ስወርድ ያረረ ሽንኩርት ሸተተኝ። ሮጬ ገባሁ። እትዬ ጀርባቸውን ለምድጃው ሰጥተው፣ እያንጎራጎሩ ዓሣ ያጥባሉ፤ ከኋላቸው ድስቱ ይጤሳል። «እትዬ፣ አረረ እኮ!» ብዬ ጮህኩ። «ምኑ?» አሉኝ። ዘወር ብለው ጭሱን ሲያዩ ነው የደነገጡት። ሲያዩት እንጂ ሲሸታቸው አልነበረም።

እሳቱን አጥፍቼ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ። መደበቂያ ሲያጡ ነገሩኝ። መስከረም ላይ ከባድ ጉንፋን ጥሏቸው ነበር። እሳቸው ተነሱ፤ አፍንጫቸውና ምላሳቸው ግን አልተነሱም። ኮኮናቱም ዓሣውም ስኳሩም አፋቸው ውስጥ ወረቀት ነው። ሐኪሙ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል ብሏቸዋል። አንድ ልጅ አላቸው፣ ቴክሳስ የሚኖር፤ አባቱ ከሞቱ ጀምሮ ወጥ ቤቱን ዝጊና እኔ ጋ ነይ እያለ ይለምናቸዋል። ይሄን ከሰማ በማግስቱ መጥቶ ይወስዳቸዋል። «ጋዝ ቢፈስ የማይሸታትን እናት ብቻዋን የሚተው ልጅ አላሳደግሁም» አሉ፣ በልጃቸው ሊፈርዱበት አልፈለጉም።

የለመኑኝ አንድ ነገር ነው። በየዓመቱ ከገናቸው በፊት ባለው እሑድ በአካባቢው ያሉ የጎዋ ቤተሰቦች አዳራሽ ተከራይተው ምሳ ይበላሉ፤ ምግቡን የሚሠሩት እሳቸው ናቸው። እስከዚያ ድረስ ምላስ ሁኚልኝ አሉኝ። «እጄ አሁንም ያውቅ እንደሆነ ማወቅ አለብኝ። የምሳው ቤቢንካ ከሰመረ እጄ አልሞተም ማለት ነው፣ አጠገቤ ሰው እያስቀመስኩ እሠራለሁ። ካልሰመረ ራሴ ለልጄ ደውዬ ና ውሰደኝ እለዋለሁ።»

ቀማሽ ሆንኩ። «ጨው?» ይላሉ። «ትንሽ።» «የዓሣው ኮምጣጤስ?» «በቂ ነው፣ እንዲያውም አንገቴን አንቀጠቀጠኝ።» እንዲህ እያልን ኅዳር መጣ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ አንድ ጠዋት ግንባሬን በእጇ ነካች። «አንቺ፣ ሲክ ነሽ እንዴ? ሙሉ ወር ወጥቶ ኩዊት አላደረግሽም!» አለችኝ።

ከዚያ ጾመ ነቢያት ገባ። እኔ ይሄን ያህል መንፈሳዊ ሰው አይደለሁም፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ የምቆመው በሩ አጠገብ ነው፣ ለመውጣት እንዲቀለኝ። ጾም ግን ፈትቼ አላውቅም። አገር ትቻለሁ፣ ሥራ ትቻለሁ፣ ሊያገባኝ የነበረን ሰው ሽማግሌ ከላከ በኋላ ትቻለሁ። ጀምሬ የምጨርሰው ነገር ቢኖር ጾም ብቻ ነው፤ እሱን ከፈታሁ ምን እንደሚቀረኝ አላውቅም።

ይሄንኑ ለእትዬ ነገርኳቸው። ስንት ቀን ነው አሉኝ። አርባ ሦስት አልኳቸው። ገናችሁ መቼ ነው? ከእናንተ በአስራ ሦስት ቀን ይዘገያል። በጣታቸው ቆጠሩና ፊታቸው ወደቀ። «ዓሣስ?» አሉኝ በመጨረሻ። ዓሣ ላይ የሚፈቅዱም የሚከለክሉም አሉ፣ እኔ ግን ከሚከለክሉት ነኝ አልኳቸው። አልተከራከሩኝም። እሳቸውም አርብ ሥጋ የማይቀምሱ ሰው ነበሩ።

«ግድ የለም፣ አሸታለሁ» አልኳቸው። ጉራዬን ነዛሁ። አገራችን ጾመኛ ሴት ለማይጾም ሰው ዶሮ ስትሠራ ጫፉን እንኳ አትቀምስም፤ እንፋሎቱን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ጨው አንሶታል፣ ቁሌቱ አልበሰለም ትላለች አልኳቸው። እውነት ነው፣ እናቴ ትችልበት ነበር። እኔ ግን ወጥ ቤት ውስጥ አምስት ደቂቃ ቆሜ ስለማላውቅ ከእሷ የተማርኩት ግማሹን ብቻ ነው። ይሄን አልነገርኳቸውም።

በማግስቱ ቅቤዬን ይዤ መጣሁ። ከአዲስ አበባ የተላከልኝ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በኮሰረትና በኮረሪማ የተነጠረ አንድ ትልቅ ብልቃጥ ቅቤ። ቤት ማቀዝቀዣውን በከፈትኩ ቁጥር ምራቄን እያመጣ ስላስቸገረኝ እስከ ፍስክ ድረስ የእትዬ ፍሪዘር ጥግ ውስጥ ደበቅሁት።

አራት ሳምንት ያህል አፍንጫዬ አላሳፈረኝም። እኔ አሸታለሁ፣ እሳቸው በእጃቸው ይመጥናሉ፣ ደንበኛ ደውሎ ያመሰግናል። እያደር ልቤ አበጠ።

የምሳው ዋዜማ ቅዳሜ ነበር። ጠዋት ልጃቸው ከቴክሳስ ገብቶ በቀጥታ ወጥ ቤቱ መጣ፤ ረጋ ያለ፣ መነጽር ያደረገ ሰው ነው። እናቱን አቅፎ ሳማቸውና እኔን ወደ በሩ ወሰደኝ። «እናቴ በስልክ የሆነ ነገር እየደበቀችኝ ይመስለኛል። ደህና ናት?» አለኝ። ደህና ናቸው አልኩት። «ምግቡን አብረሻት ትቀምሻለሽ?» አለኝ። «አዎ፣ ሁሉንም እቀምሳለሁ» አልኩት፣ ጾሜን እየጾምኩ በጠራራ ፀሐይ ዋሸሁት። አመስግኖኝ አዳራሹን ሊያሰናዳ ሄደ።

ቤቢንካውን ጀመርን። አራት ትሪ፣ እያንዳንዱ አስራ ስድስት ንብርብር። አንዱ ንብርብር እስኪበስል ያለው ጊዜ ለእኔ እስር ቤት ነው። ወለሉን ሁለት ጊዜ ጠረግሁ፣ ማንኪያዎቹን በቁመታቸው ደረደርኩ፣ ምድጃውን ከፍቼ አያለሁ፣ እትዬ እጄን ይመቱኛል። «ሲበስል ራሱ ይነግርሻል፣ ቁጭ በዪ» ይላሉ። ውጭ በረዶው ያለማቋረጥ ይጥላል። ቅቤ መቀባት የኔ ድርሻ ነበር፤ ቶሎ የሚያልቅ እየመሰለኝ አወፍረዋለሁ። ልክ አስረኛው ንብርብር ላይ የእትዬ ቅቤ አለቀ።

«ሕንድ ሱቅ ሂጂና አንድ ጣሳ ግዢ፣ እኔ ምድጃውን እጠብቃለሁ» አሉኝ። ወጣሁ። መኪናዬ በረዶ ለብሳ ጉብታ ሆናለች። የፊት መስታወቱን ግማሽ ያህል ፋቅሁ፤ ጣቶቼ ደነዘዙ። ለመሄድ አርባ ደቂቃ፣ ለመምጣት አርባ ደቂቃ፣ ከዚያ ደግሞ ስድስት ንብርብር። አሰብኩትና ደረቴ ውስጥ ያ የማውቀው ጥበት መጣ። በጓሮ በር ተመለስኩ። ፍሪዘሩ ያለው ጓሮ በር አጠገብ ነው።

ያን ጊዜ ምን እንዳሰብኩ ደህና አድርጌ አስታውሳለሁ። ቅቤ ያው ቅቤ ነው ብዬ ነው ያሰብኩት። እኔ ባደግሁበት ቤት ቅመም ያልገባበት ቅቤ ፀጉር ላይ ነው የሚቀባው፤ እንዲያውም የእትዬ ቅቤ ሁልጊዜ ባዶ ባዶ ይለኝ ነበር። ብልቃጡን ከፍቼ አሸተትኩት። ልቤን ደስ አለው። ሌላ ቅቤ እያሸተትኩ አላደግሁም፤ ለአፍንጫዬ ያ ሽታ የቅመም ሳይሆን የቅቤ ሽታ ነው። አቀለጥኩት፣ እንደ እሳቸው ቅቤ ቢጫ ነው። እትዬ መጥተው አዩት። «ቶሎ ደረስሽ» አሉኝ። «አዎ» አልኳቸው። ስድስቱንም ንብርብር በእሱ ቀባሁ። ቤቱ በቅቤው መዓዛ ተሞላ፣ እሳቸው በመዓዛው መሀል ቆመው ኬኩን በጣታቸው ጫን እያደረጉ በእርካታ ይስቃሉ። ከአስር ሰዓት በፊት ጨርሰን ወጣን፣ እኔም ያተረፍኩት ሰዓት አኮራኝ።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። ሽማግሌዎቹ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ሴቶቹ አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሰው፤ አንዱ ጊታር ያዘ፣ አንዱ ቫዮሊን፣ ጥንዶች ፊት ለፊት ቆመው ቀስ ያለ ውዝዋዜ ጀመሩ። ዓሣው አለቀ። የአሳማው ወጥ አለቀ። በእንፋሎት የሚበስለው ነጭ የሩዝ ቂጣ ከትሪው ላይ ተሻሙበት። ልጃቸው እናቱን በኩራት እያየ ይበላል። እኔ ነጭ ሩዜን ይዤ፣ አላስችል ብሎኝ ከግድግዳ ግድግዳ እመላለስ ነበር፤ የቀረው ቤቢንካው ብቻ ነው።

ተቆረጠ። በየሳህኑ ታደለ። አንድ ሽማግሌ ጎርሰው ማኘክ ጀመሩና አቆሙ። ሚስታቸው ሶፍት አፋቸው ላይ አደረጉ። አንዲት ትንሽ ልጅ በእንግሊዝኛ ጮክ ብላ፣ «ማሚ፣ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል እኮ!» አለች። እናቷ ዝም አሰኘቻት። እኔ ያኔ ነው የባነንኩት። ነጭ ሽንኩርት፣ ኮሰረት፣ ስኳር ውስጥ። ሹካው በየጠረጴዛው አንድ በአንድ ተቀመጠ፤ ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ ቀስ አድርገው ነው ያስቀመጡት።

አንድ ሰው ብቻ ይበላ ነበር። እትዬ ዓይናቸውን ገርበብ አድርገው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ ቁራጩን ሙልጭ አድርገው ጨረሱ። ከዚያ ቀና ብለው ዙሪያውን በፈገግታ ቃኙ። «ምነው ዛሬ ስኳሩ በዛ የሚል ሰው ጠፋ?» አሉ።

ልጃቸው እናቱን አየ። ሳህኑን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ተነስቶ አጠገቤ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሁሉንም እቀምሳለሁ ብለሽኝ ነበር» አለኝ። አዎ አልኩት። «ይሄንንም?» «አዎ።» «እንዴት ነበር?» «ጥሩ ነው፣ የኛ አገር ቅመም እንጨምርበት ብዬ ለምኛቸው እሺ ብለውኝ ነው» አልኩት። ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። በቁጣ አልነበረም፤ እንዲያውም እውነት እንዲሆን የሚለምን ይመስል ነበር። «እንግዲያው ብዪ» አለኝ።

ሹካውን አነሳሁ። ከጎረስኩና ይጣፍጣል ካልኩ እትዬ ብቻቸውን አይሆኑም፣ የእኔ አገር ጣዕም እንዲህ ነው ይባላል፣ ያልፋል። ከጎረስኩ ደግሞ በሕይወቴ የጨረስኩት ብቸኛ ነገር አበቃለት። ወሰንኩ፤ ከቤቢንካው ቆርሼ ሹካውን ወደ አፌ ሰደድኩ። ከንፈሬ ጋ ሲደርስ አንድ ትንሽ ጠንካራ እጅ የእጄን አንጓ ያዘው። እትዬ ናቸው። መቼ ከወንበራቸው እንደተነሱ አላየሁም።

«ተዪ» አሉኝ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው አዳራሹ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ተናገሩ። «ጾመኛ ናት። አልቀመሰችም። እኔም አልቀመስኩም። መስከረም ከታመምኩ ጀምሮ ምንም አይሸተኝም፣ ምንም አይጣፍጠኝም። አሁን እየሳቅሁ የበላሁት ምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም።» ሹካውን ከእጄ ወስደው አስቀመጡት። «ምን አደረግሽበት ልጄ?» አሉኝ በለሆሳስ። ነገርኳቸው። ቅቤውን፣ በረዶውን፣ ሱቅ ሄድኩ ብዬ የዋሸሁትን፣ ሁሉንም። አፈርኩ፣ አለቀስኩ።

ማኘክ ያቆሙት ሽማግሌ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ሚስታቸው፣ ከዚያ ጠረጴዛው ሁሉ፣ በመጨረሻ እትዬ። ልጃቸው ግን አልሳቀም። መነጽሩን አውልቆ፣ «ሦስት ወር ሙሉ ብቻሽን?» አላቸው። «ብቻዬን አልነበርኩም» አሉት፣ አንጓዬን እንደያዙ።

ማምሻውን ወጥ ቤት ገብተን ዕቃ ስናጥብ እትዬ የተረፈውን ቤቢንካ በቢላ ጫፍ ገለጥ ገለጥ አድርገው የላዩን ስድስት ንብርብር ላጡና ጣሉት። የመጀመሪያዎቹን አስር፣ በእሳቸው ቅቤ የተሠሩትን፣ በአሉሚኒየም ጠቅልለው ሰጡኝ። «ገናሽ ሲደርስ ትቀምሺና ትነግሪኛለሽ» አሉኝ። «እጄ ሞቶ እንደሆነ እኮ እስካሁን አላወቅሁም።»

አዲስ ዓመታቸው ሳይገባ ልጃቸው ይዟቸው ሄደ። የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ «ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ሳልተወው የተወኝ ሥራ ነው፤ እንዴት እንደሚኮን አላውቅበትም ነበር። ሳይጠበኝ የተዘጋብኝ በር ያበሳጨኛል፤ ሁለት ጊዜ ያለ ምክንያት ሉዊስ ሴንተር ድረስ ነድቼ በተዘጋው በር አልፌያለሁ። ጥቅሉን በቀን አምስቴ ከፍሪዘር እያወጣሁ አገላብጬ እመልሰዋለሁ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ፣ «ወይ ብዪው ወይ ግደዪኝ» አለችኝ። አልነካሁትም።

የገና ዕለት ጠዋት፣ ዶሮው ገና ድስት ውስጥ እያለ፣ ደወልኩላቸው። ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሱት። «ቆየሽ» አሉኝ። ጥቅሉን ፈታሁ አልኳቸው። «ቆመሻል አይደል? ቁጭ በዪ» አሉኝ። ቁጭ አልኩ። ቆረስኩና ጎረስኩ።

ኮኮናቱ ቀድሞ መጣ፣ ቀጥሎ ትንሽ አረር ያለው ጠርዝ፣ ቀጥሎ አስኳሉ። ቀስ ብዬ አኘክሁ፣ አልቸኮልኩም። ቴክሳስ ላይ፣ ከእትዬ ኋላ፣ የሆነ ድስት ክዳን ሲንቀጫቀጭ ይሰማኛል። ጣፋጭነቱ ጥርሴ ድረስ ነዘረኝ። ግሩም ነው ልላቸው አሰብኩና ተውኩት፤ ከዋሸኋቸው በኋላ ማድረግ የምችለው ደግ ነገር እውነቱን መናገር ነበር።

«እትዬ፣ ስኳሩ በዝቷል» አልኳቸው።

ሲያለቅሱ ሰማኋቸው፣ ከዚያ ሲስቁ።

«እስቲ ድገሚልኝ» አሉኝ።

ሳልነሳ፣ ቁጭ እንዳልኩ ደገምኩላቸው።